አንዱ ኪኒን አይበቃም?

“ልጄ፣ ይህ ሁሉ ኪኒን ለአንድ በሽታ ነው? አንዱ አይበቃም?”

አያታችሁ ፓርኪንሰን ካለባቸው ይህን ጥያቄ ሰምታችሁ ይሆናል። እዚህ አላሜዳ ከፋርማሲው ጋር በእንግሊዝኛ የምትነጋገሩት እናንተ ናችሁ፤ ለአያታችሁ በአማርኛ የምታስረዱትም እናንተው ናችሁ። ዛሬ መልሱን አብረን እንለማመድ።

በፓርኪንሰን ሕመም ዶፓሚን የሚሠሩ የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ዶፓሚን ሲያንስ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይደርቃል፣ እርምጃ ይዘገያል። በ1982 እ.ኤ.አ. በቅርባችን፣ ሳን ሆዜ ውስጥ፣ መርዝ የተቀላቀለበት ዕፅ የወሰዱ ሰዎች እነዚህ ሴሎች ተጎዱባቸውና በድንገት መንቀሳቀስ አቃታቸው። ዶክተር ዊልያም ላንግስተን መርምረዋቸው ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት ሲሰጣቸው እንደገና መንቀሳቀስ ቻሉ።

ሌቮዶፓን እንደ መንገደኛ አስቡት። አንጎል ሲደርስ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ብቻውን ከሄደ ግን አብዛኛው መንገድ ላይ ያልቃል፤ ያቅለሸልሻልም። ስለዚህ ካርቢዶፓ የሚባል አጃቢ ይሰጠዋል። አጃቢው ራሱ አንጎል ውስጥ አይገባም፤ መንገደኛውን እስከ በሩ ያደርሰዋል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ኪኒን ውስጥ ናቸው። ኤንታካፖን ሲጨመር ሌቮዶፓ በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ራሳጂሊን ደግሞ አንጎል ውስጥ ያለው ዶፓሚን ቶሎ እንዳይጠፋ ይረዳል። በሽታውን አያጠፉትም፤ ግን ሥራ ተከፋፍለው ኑሮን ያቀላሉ። አንዱ ሲቀር የሌላው ድካም ይጎድላል።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ብልቃጡ ላይ በእንግሊዝኛ “ጠዋት 8” ተብሎ ከተጻፈ፣ “ስምንት ሰዓት” አትበሏቸው! የአያታችሁ ስምንት ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። “ጠዋት ሁለት ሰዓት” በሏቸው።

ሥጋም ሽሮም ፕሮቲን አላቸው፤ ፕሮቲን ደግሞ ከሌቮዶፓ ጋር በሩ ላይ ይጋፋል። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ኪኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት እንዲዋጥ ይመክራሉ። በጾም ቀን “እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም” ካሉ ዝም አትበሉ። ሌቮዶፓን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። አስቀድማችሁ ሐኪማቸውን ጠይቁ፤ የንስሐ አባታቸውንም አማክሩ።

ከዚያም እንዲህ በሏቸው፦ “እማማ፣ አንዱ መንገደኛ ነው፤ ሌሎቹ ረዳቶቹ ናቸው። እባክዎ አንዱንም አይተዉ።”

የሳምንቱ ቃላት
አጃቢ፦ ሌላውን ለመጠበቅ አብሮ የሚሄድ
መዋጥ፦ ሳያኝኩ ወደ ሆድ ማስገባት
ብልቃጥ፦ መድኃኒት የሚቀመጥበት ትንሽ ዕቃ