ከሚሴ የራሷ ካርቱን ሳዪ ያስፈልጋታል

በ1977ቱ ድርቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ባቲ፣ አጎቴ ቤት። ከተማዋ በረሃብተኛ ተጨናንቃለች፤ የመጠለያው ድንኳን ለዓይን አያልቅም። አንድ ቀን ጠዋት ስንዴ እየተመዘነ በሚታደልበት መጋዘን ግድግዳ ላይ በከሰል ሚዛን ሳልኩ። በስንዴው በኩል አንድ ወፍራም አውራ ጣት ጫን ብሎበታል። ከሥሩ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ተሰልፈው ከነበሩት መካከል አማርኛም ኦሮምኛም የማይሰሙ አንድ የአፋር ሽማግሌ ሥዕሉን አይተው፣ የገዛ አውራ ጣታቸውን ቁልቁል ጫን አደረጉና መዛኙን ትክ ብለው ተመለከቱት። ከቀትር በፊት ተጠርቼ በውሃና በአመድ ግድግዳውን እንዳጥብ ተደረግሁ። መዛኙ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ እጁን ከሚዛኑ ያርቅ ጀመር።

ዛሬ ከሚሴ የሥዕል መምህር ነኝ። ያ ግድግዳ ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም።

በአማራ ክልል ያለው የኛ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሁለት ፊደል ያለው አገር ነው። ልጆቻችን በአፋን ኦሮሞ ቁቤ ይማራሉ፤ የሱቁ ማስታወቂያና የደብዳቤው ማኅተም ብዙ ጊዜ አማርኛ ነው። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ብትወጡ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ግመል ዋጋ ላይ ይከራከራሉ። ለዚህ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ የሚደርስ ርዕሰ አንቀጽ ማን ይጽፋል? ካርቱን ግን ይደርሳል። ማንበብ ያልቻለችውም እናት ታየዋለች።

ቅድመ ምርመራ በ1985ቱ የፕሬስ ሕግ ከቀረ ወዲህ የግል ጋዜጦች የካርቱንን በር ከፍተዋል። እንደ አለማየሁ ተፈራ ያሉ ሳዪዎችን ሥራ አይተን የሥልጣን ወንበር በአንድ መስመር ሊመዘን እንደሚችል ተምረናል። ነገር ግን በብዛት የምናየው የአዲስ አበባ ኑሮ ነው፤ ታክሲው፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ የሚኒስትሩ ኮት። በበጋ ከብቱን ወደ ጨፋ ረግረግ የሚነዳው አርብቶ አደርና በረግረጉ ዳር ማሽላውን የሚጠብቀው ገበሬ በአንድ ውሃ ሲተያዩ የሚስላቸው የቦታው ልጅ ነው።

ሥራው ቀላል አይደለም። ለተማሪዎቼ የምለው ይህን ነው፦ ዜናውን ሦስት ጊዜ አንብቡ፤ ከዚያ ወረቀቱን ዝጉና አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ሁለት ሐሳብ የገባበት ካርቱን ፖስተር ይሆናል። በእርሳስ አሥር ጊዜ ንደፉ፤ በቀለም የሚሳለው አሥራ አንደኛው ነው። የሰውየውን አፍንጫ ከማስረዘማችሁ በፊት ያደረገውን ነገር እወቁ፤ አፍንጫውን አላህ ሰጠው፣ የተጠየቀው ስለ ሥራው ነው።

አንዲት ተማሪዬ ባለፈው ዓመት፣ «ቲቸር፣ አባቴ ነፍስ ያለው ነገር መሳል ያስጠይቃል ይሉኛል፤ ልተው?» አለችኝ። አባቷን አከብራለሁ፤ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። የፍልስጤማዊውን ካርቱን ሳዪ የናጂ አል ዓሊን ሐንዘላ አሳየኋት። እ.ኤ.አ. በ1969 የተፈጠረ ባዶ እግሩን የቆመ የአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶን፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ናጂ እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ሐንዘላ ግን እስከ ዛሬ በየግድግዳው አለ። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየችውና «ፊት የለውም» አለች። ከዚያ ወዲህ ሰዎቿን ሁሉ ከጀርባ ትስላለች፤ ጫማ፣ ጀሪካን፣ ወንበር ትስላለች። አባቷም ሥዕሎቹን አይተው ዝም ብለዋል።

የሚያስፈራኝ ሌላው ሥዕል ነው። በ2013 አጣዬና አካባቢዋ በግጭት ሲቃጠሉ፣ በየስልኩ ይዞር የነበረው ጎረቤትን አውሬ አድርጎ የሚያሳይ ምስል ነበር። እሱም የተሳለ ነው፤ እሱም ያለ ቃል ይገባል። አዋጅ 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል፤ እኔ ግን ከአዋጁ ይበልጥ የማምነው በየሳምንቱ ስሙን ፈርሞ፣ ጣቱን ወደ ወንበሩ እንጂ ወደ ጎረቤቱ በማይቀስር ሳዪ ነው። የዚያ ዓይነት ሥዕል የለመደ ዓይን የጥላቻውን ቶሎ ይለየዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬን በግልጽ ላቅርብ። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በአፋን ኦሮሞ «ሂርኮ»ን፣ በአማርኛ «በኩር»ን ያሳትማል። ሁለቱም ለአንድ የዞናችን ወጣት ቋሚ የካርቱን ቦታ ይስጡ፤ አንዱ ሥዕል በሁለቱም ይውጣ። በነጻ አይሁን፤ እንደ ዜና ጸሐፊው ይከፈለው፣ ስሙም ይታተም። አዘጋጁ ሐሳቡን ይሞግት እንጂ ባለሥልጣን ይከፋዋል ብሎ መስመሩን አያጥፋ። ግድግዳ ማጠብ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

የልጅቷ የመጨረሻ ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ቧንቧ ፊት ቆማለች፤ የምርቃቱ ሪባን ገና ከቧንቧው አልተፈታም፣ ጀሪካኗም ባዶ ነው። ትናንት መጥታ፣ «ቲቸር፣ ጀሪካኑን ቢጫ ልቀባው ወይስ ጋዜጣው ጥቁርና ነጭ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።