የገጠሩና የደሴቱ ሥራ አጥ ይቆጠር! ሥራም ይፈጠርለት!

በአገራችን ስለ ሥራ አጥነት ሲነሳ በብዙዎቻችን ዓይነ ሕሊና የሚመጣው ዲግሪውን ይዞ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆመው የከተማ ወጣት ነው። የዚህ ወጣት ችግር እውነተኛ ነው፤ ፓርቲያችንም በሌላ ምዕራፍ በስፋት አንስቶታል። ነገር ግን ከሕዝባችን ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ የሚኖረው በገጠር ነው። የገጠሩ ሥራ አጥ የሚያነበው ሰሌዳ የለውም፤ የሚመዘገብበት ቢሮም ከቤቱ ሩቅ ነው። ለሦስት ሰው የሚበቃውን የአባቱን ማሳ ለሰባት ተካፍሎ ሲያርስ ይውላል። ሥራ ያለው ይመስላል፤ ግን የለውም። ስለማይታይ አይቆጠርም፣ ስላልተቆጠረም በጀት አይያዝለትም። እኛ ይህ መቀየር አለበት እንላለን።

ቁጥሩ የሚናገረውና የሚደብቀው

የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው አገር አቀፍ የሠራተኛ ኃይል ጥናት የአገሪቱ የሥራ አጥነት መጠን 4.5 በመቶ፣ የገጠሩ ደግሞ 2 በመቶ ብቻ ነበር። የትግራይ ክልልን ሳይጨምር በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ግን አገር አቀፉ መጠን 8 በመቶ፣ የከተማው 18.7 በመቶ፣ የገጠሩ 5.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የገጠሩ ሥራ አጥነት በስምንት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው። ከዚህ ልዩነት ከፊሉ የአለካክ ጉዳይ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ይሁን እንበል። አለካኩ የቱንም ያህል ቢቀያየር ግን ሁለቱም ቁጥሮች የገጠሩን እውነት አይገልጹም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእነዚህ ጥናቶች መሠረት በሳምንት ውስጥ ጥቂት ሰዓት እንኳን የሠራ ሰው፣ ያለ ክፍያ በቤተሰቡ ማሳ ላይ ያገዘም ቢሆን፣ «ሥራ ያለው» ተብሎ ይመዘገባል። ከመኸር በኋላ ለወራት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው፣ በአንድ ጥማድ መሬት ላይ ከአራት ወንድሞቹ ጋር የሚሻማው፣ ከብት ስትጠብቅ ውላ የራሷ የምትለው ሳንቲም የሌላት ወጣት ሁሉ በመዝገብ ላይ ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ «የገጠር ሥራ አጥነት ዝቅተኛ ነው» የሚለው አነጋገር ድህነትን በሥራ ስም መጥራት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ዝቅተኛው ቁጥር እያዘናጋ ትውልድ እየወሰደብን ነው።

ችግሩ ከየት መጣ?

የመጀመሪያው ምንጭ መሬት ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ከተባለ ወዲህ ለገጠሩ ወጣት የሥራ በሩ የመሬት ድልድል ነበር። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ 18 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ የሃምሳ ዓመት ደጃፍ ላይ ደርሷል። ከእርሱ በኋላ የተወለደው ሁሉ መሬት የሚያገኘው ከወላጁ ተቆርሶ ሲሰጠው፣ ተከራይቶ ወይም በእኩል ሲያርስ ነው። ተቆርሶ የተቆረሰው ማሳ ደግሞ ከዚህ በላይ አይቆረስም። እኛ ዳግም ድልድል መፍትሔ ነው ብለን አንዋሽም። በ1989ኙ ድልድል አንዱን ነቅሎ ሌላውን መትከል በጎረቤት መካከል ምን ዓይነት ቂም እንዳስቀመጠ ገበሬው ራሱ ያውቃል።

ሁለተኛው፣ ወጣቱ ይተነፍስበት የነበረው የወቅት ሥራ መዘጋቱ ነው። ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወጣት በክረምት ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርድ ነበር። ያንን ገንዘብ ይዞ ተመልሶ በሬ ይገዛ፣ ይዳር፣ ለታናናሾቹ ደብተር ይገዛ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ይህ መንገድ የሞት መንገድ ሆነ። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በማይካድራ ከተገደሉት ወገኖቻችን መካከል ብዙዎቹ እንጀራ ፍለጋ የሄዱ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል የደረሰው ግድያም ያንን አቅጣጫ ዘጋው። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ መንገድን፣ ገበያንና ትምህርት ቤትን ዘጋ። የተረፈው መንገድ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር፣ ወይም በመተማ ወደ ሱዳን መውጣት ሆነ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳንም በጦርነት ነደደች።

በውሃ የተከበቡት ወገኖቻችን

ገጠሩ ተረስቷል ካልን፣ ደሴቱ ደግሞ የተረሳው ገጠር ውስጥ የተረሳ ነው። ጣና ሐይቅ ላይ ሰላሳ ሰባት ያህል ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ደቅ ነው። ዝዋይ (ደንበል) ላይ የዛይ ሕዝብ ቱሉ ጉዶን በመሳሰሉ ደሴቶች ዳገቱን በእርከን እየገነባ፣ ቋንቋውንና ሃይማኖቱን ጠብቆ ኖሯል። አባያ ላይም ጊዲቾ ደሴት ነዋሪ አለው። እነዚህ ሕዝቦች በስታትስቲክስ የራሳቸው መስመር የላቸውም። በአቅራቢያቸው ካለው የየብስ ወረዳ ጋር ተደምረው ይጠፋሉ።

የደሴት ሥራ አጥነት የራሱ ባሕርይ አለው። የደሴቱ መሬት አይሰፋም፤ ዳር ድንበሩ ውሃ ነው። ስለዚህ ትርፉ ወጣት ወይ ወደ ሐይቁ ይወርዳል ወይ ደሴቱን ጥሎ ይወጣል። ከዛይ ሕዝብ ብዙው ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ዳርቻ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የቀሩት ሁሉ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ደግሞ ዓሣው ይመናመናል። ጣና ላይ ክልክል የሆነው ጠባብ ቀዳዳ ያለው የናይለን መረብ ተስፋፍቶ፣ ዓሣው በሚራባበት በክረምት ወራት ጭምር ከየወንዙ መግቢያ ላይ ይታፈሳል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን ሌላ እንጀራ የሌለውን ሰው «አታጥምድ» ብሎ በአዋጅ ብቻ ማስቆም አይቻልም። አማራጭ ሥራ ሳይሰጡ መረቡን መቀማት ረሃብን በሕግ ማወጅ ነው።

በዚህ ላይ በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ የታየው እምቦጭ መጣ። አረሙ የዓሣ መራቢያውን ሸፈነ፣ ታንኳና ጀልባ መንቀሳቀሻ አሳጣ፣ የዳር ግጦሹን ወሰደ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በዘመቻ ሕዝቡ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ዘመቻው ሲያልቅ ሰው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እምቦጩ ግን ወደ ሐይቁ ተመለሰ። በዘመቻ የተነቀለ አረም ያለ ቋሚ ሠራተኛ አይጠፋም።

ከሁሉም የከፋው የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ነገር ነው። የእርሻ መሬት የላቸውም፤ ኑሯቸው ዓሣና ደንገል ነው። ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፣ ሰፌድና ምንጣፍ ይሰፋሉ። ዳርቻው ሲታረስና ሲታጠር ደንገሉ ጠፋ፤ ደንገሉ ሲጠፋ ሙያው ጠፋ። በየትኛውም መዝገብ ላይ ግን «ከሥራ የተቀነሰ» ተብሎ የተጻፈ የወይጦ ታንኳ ሠሪ አታገኙም።

በዘጌና በየገዳማቱ ከቡና፣ ከጌሾና ከሎሚ ሌላ ተጨማሪ ገቢ የነበረው ቱሪስት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ ቀጥሎ የክልሉ ግጭት ተከታትለው ጀልባ ነጂውን፣ አስጎብኚውንና የእጅ ሥራ ሻጯን ባዶ እጃቸውን አስቀሯቸው። ጎርጎራ ላይ የተሠራው ዘመናዊ ሪዞርት ውብ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን እንግዳ በሰላም የማይደርስበት ሪዞርት ለአካባቢው ወጣት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እስካሁን የተሰጠው መልስ

መንግሥት ምንም አላደረገም አንልም፤ ሐቅ መካድ የእኛ ባሕል እንዲሆን አንፈልግም። በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተቋቁሟል። በ2017 ዓ.ም. 14 ሚሊዮን፣ በ2022 ዓ.ም. 20 ሚሊዮን የሥራ ዕድል ይፈጠራል ተብሎ ታቅዷል። በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ገበሬው የመሬት መጠቀሚያ መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያውል ተፈቅዷል። ጥያቄያችን ሥራው ላይ ነው።

ፈንዱ የተሰጠው ወጣቱን በቡድን አስገብቶ ነው። ገበያው ሳይጠና ሁሉም ዶሮ እንዲያረባ፣ ሁሉም ከብት እንዲያደልብ ተደረገ። ተደራጅቶ ብድር ለማግኘትም የቀበሌውን ሹም ፊት ማየት ግድ ሆነ። ሪፖርቱ ላይ የሦስት ወር የኮብልስቶን ሥራና የዕድሜ ልክ ሙያ እኩል «አንድ የሥራ ዕድል» ተብለው ይደመራሉ። የገጠሩን ሕዝብ ሲያበድሩ የኖሩት የብድርና ቁጠባ ተቋማት ወደ ባንክ ሲያድጉ ደስ ቢለንም፣ ፊታቸውን ወደ ከተማው ነጋዴ እንዳያዞሩ የሚያስገድድ ፖሊሲ አላየንም።

እኛ ምን እናደርጋለን?

1ኛ. እንቆጥራለን። የገጠር ሥራ አጥነትና ከፊል ሥራ አጥነት በወረዳ ደረጃ በየዓመቱ እንዲለካና ለሕዝብ እንዲገለጽ እናደርጋለን። የደሴት ቀበሌዎች ውጤት ለብቻው ይወጣል። ከስድስት ወር በታች የቆየ ሥራ «ጊዜያዊ» ተብሎ ለብቻው ይመዘገባል።

2ኛ. በጋን የሥራ ወቅት እናደርጋለን። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ለማጠጣት ታስቦ ሲሠራ፣ ገበሬው በበጋም እንደሚያመርት አይተናል። ሽንኩርቱ አንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው እንደሚወድቅም አይተናል። ስለዚህ አነስተኛ መስኖን ከማከማቻ፣ ከማድረቂያና ከወፍጮ ጋር አያይዘን እንገነባለን። መሬት የሌለው ወጣት ሥራ የሚያገኘው ከማሳው በኋላ ባለው በዚህ ሰንሰለት ላይ ነው።

3ኛ. ሐይቁን የሚጠብቅ ቋሚ ሠራተኛ እንቀጥራለን። እምቦጭ መንቀል፣ ዳርቻውን በዛፍና በደንገል መልሶ መሸፈን፣ የመራቢያ ወንዞችን መጠበቅ ደመወዝ የሚከፈልበት የሐይቅ ዳር ነዋሪ ሥራ ይሆናል። ቅድሚያው ለነገደ ወይጦና ለደሴት ወጣቶች ነው። ማጥመድ በሚከለከልባቸው ወራት ዓሣ አጥማጁ በዚህ ሥራ ይቆያል። ያን ጊዜ ሕጉን ራሱ ያስከብረዋል።

4ኛ. ዓሣው ዋጋ እንዲያወጣ እናደርጋለን። በረዶ በሌለበት የተያዘ ዓሣ እስከ ማታ አይቆይም። በመሆኑም ነጋዴው በጀልባ መጥቶ የቆረጠው ዋጋ የመጨረሻ ዋጋ ይሆናል። በዐቢይ ጾም የደራ ገበያ ከፋሲካ በኋላ ሲቀዘቅዝም የሚጎዳው አጥማጁ ነው። በየማራገፊያው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ በረዶ ቤትና ማድረቂያ፣ በማኅበራት ባለቤትነት፣ እንተክላለን።

5ኛ. የውሃ መንገድን እንደ መንገድ እንቆጥራለን። ለየብስ ቀበሌ ጥርጊያ መንገድ በጀት እንደሚያዝ ሁሉ፣ ለደሴት ቀበሌ የሕዝብ ጀልባና ወደብ በጀት ይያዛል። የደሴት ተማሪ የሙያ ትምህርት የሚማርበት ማደሪያም ይሠራለታል።

6ኛ. ብድርን ከፓርቲ አባልነት እንለያለን። ተበዳሪው በቡድን ወይም በግል የመምረጥ መብት ይኖረዋል። የብድር ኮሚቴው ውሳኔ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ይግባኝም ይኖረዋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ይህን መጠየቅ የመራጭ መብት ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ በሚወስደው ውሃ እስከ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ሐይቁ ለአገር ብርሃን ከሰጠ፣ ከብርሃኑ ገቢ መጠነኛ ድርሻ ለሐይቁ መጠበቂያና ለነዋሪው ሥራ በሕግ እንዲለይ እናደርጋለን። በደንበል ውሃ አበባና አትክልት ከሚያመርቱ ትልልቅ እርሻዎች የሚሰበሰበው የውሃ ክፍያም ለዚያው ሐይቅ ሕዝብ ይመለሳል። ለዘመቻና ለድግስ የሚወጣውን ገንዘብ እንቀንሳለን።

ሁሉንም በአንድ ዓመት እንጨርሳለን አንልም። መንግሥት ራሱ በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ገደማ ወጣት ወደ ሥራ ገበያ እንደሚገባ ይናገራል፤ ይህን ያህል ሰው በአንድ ጀንበር ሥራ የሚያስይዝ ፓርቲ የለም። ተኩስ ባልቆመበት አገር ደግሞ ከላይ ከዘረዘርናቸው አንዱም አይጸናም። መስኖ ቆፋሪውም፣ ጀልባ ነጂውም፣ ነጋዴውም ሰላም ይፈልጋሉ። ስለሆነም ግጭቶችን በድርድር መቋጨት የሥራ ፖሊሲያችን የመጀመሪያው አንቀጽ ነው።

የተከበራችሁ መራጮች! በደቅም፣ በቱሉ ጉዶም፣ በቆላም ሆነ በደጋ ያላችሁ! ለቅስቀሳ ወደ ቀበሌያችሁ የሚመጣውን ማንኛውንም ፓርቲ፣ እኛንም ጨምሮ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «በቀበሌያችን ስንት ሥራ አጥ አለ?» ቁጥሩን የማያውቅ ሰው መፍትሔውን ሊያውቅ አይችልም። እኛ ልንቆጥራችሁ፣ የቆጠርነውን ልንነግራችሁ፣ በየዓመቱም በነገርናችሁ ልትመዝኑን ቃል እንገባለን። ድምፃችሁን ስጡን፤ ከሰጣችሁንም በኋላ ተቆጣጠሩን!