ፀጉሩን ማን ቈረጠው?

«ሰበረችው» የምትለዋ አንዲት የአማርኛ ቃል ብቻዋን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ናት። የሰበረችው ሴት እንደ ሆነች፣ የተሰበረውም የታወቀ አንድ ነገር እንደ ሆነ፣ ሥራውም ያለፈ እንደ ሆነ ሁሉ በውስጧ ተጠቅልሏል። የእንግሊዝኛው «ብሮክ» ግን ከዚህ ሁሉ የሚነግረን ጊዜውን ብቻ ነው። እኔ ብሰብር «ብሮክ»፣ አንቺ ብትሰብሪ «ብሮክ»፣ የሠፈር ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቢሰብርም ያው «ብሮክ» ነው። በኃላፊ ጊዜ እንደ ባለቤቱ መልኩን የሚለውጥ የእንግሊዝኛ ግሥ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አንድ ጊዜ «ዎዝ»፣ አንድ ጊዜ «ወር» የሚለው የመሆን ግሥ ነው።

እንግዲህ የእንግሊዝኛ ኃላፊ ግሥ ስንቅ ሳይዝ የመጣ መንገደኛ ነው። ባለቤቱን ከፊቱ፣ ተሳቢውን ከኋላው ማቅረብ የተናጋሪው ፋንታ ነው። ለፒያሳ ስሟን ያወረሳት ጣልያንኛ እንኳ በዚህ ነገር ለአማርኛ ይቀርባል፤ በግሡ መጨረሻ ባለቤቱን ስለሚያስታውቅ «እኔ»፣ «አንተ» ማለቱን ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። እንግሊዝኛ ግን አይዘልም።

ይህን የዘነጋ አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ለአለቃው እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፤ «ሪሲቭድ ዘ ሌተር፣ ቼክድ ዘ ፋይል ኤንድ ሴንት ቱ ፋይናንስ»። በልቡ ያለው አማርኛ «ደብዳቤውን ተቀበልሁ፣ ፋይሉን መረመርሁ፣ ወደ ሒሳብ ክፍልም ላክሁት» የሚል ነው። እንግሊዝኛው ግን ማን እንደ ተቀበለ አልተናገረም፤ የተላከውም ደብዳቤው ይሁን ፋይሉ አይታወቅም። በቴሌግራም ዘመን፣ ክፍያው በቃል ቍጥር በነበረ ጊዜ፣ እንዲህ ያለው ቍጠባ ያስመሰግን ነበር። ወረቀቱ ጠፍቶ ጥያቄ የተነሣ ዕለት ግን «አይ ሴንት ዘ ፋይል» ብሎ የጻፈ ሰው በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።

ቦታም እንደዚሁ ነው። በአማርኛ «ፖሊሱ ታክሲውን አስቆመው» ብንልም፣ «ታክሲውን ፖሊሱ አስቆመው» ብንልም ነገሩ አንድ ነው፤ «ን» የምትባለው ትንሽ ፊደል ተሳቢውን የትም ቢሄድ ተከትላ ትጠብቀዋለች። በእንግሊዝኛ ይህች ጠባቂ የለችም። «ዘ ፖሊስማን ስቶፕድ ዘ ታክሲ» ያልነውን ገልብጠን «ዘ ታክሲ ስቶፕድ ዘ ፖሊስማን» ብንል፣ ሕግ አስከባሪው ታክሲው ሆኖ ያርፋል።

«ን» ሌላም ሥራ አላት። ከወርቅ ቤት ወጥተው «ቀለበት ገዛሁ» ቢሉ አንድ ነገር ነው፤ «ቀለበቱን ገዛሁት» ቢሉ ግን ሰሚው የትኛው ቀለበት እንደ ሆነ ዐውቆታል፤ ምናልባትም ባለፈው ሳምንት በመስተዋት አብረው አይተውት ይሆናል። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት ከስሙ ፊት በሚቆሙ ቃላት ይለየዋል፤ ለመጀመሪያው «አይ ቦት ኤ ሪንግ»፣ ለሁለተኛው «አይ ቦት ዘ ሪንግ» ይላል። ተማሪዎቻችን «አይ ቦት ሪንግ» ብለው የሚያልፉት ለአማርኛው «ቀለበት ገዛሁ» ቃል በቃል ስለሚስማማ ነው። በአማርኛው «ቀለበቱን» እንደሚባለው «ኡ» እና «ን» አብረው ቢገኙ፣ በእንግሊዝኛው «ዘ» አለ ብሎ መጠርጠር ደግ ነው። «ን» ብቻዋን ከሆነች ግን አትበቃም፤ «ከበደን አየሁት» ለማለት «ዘ ከበደ» አይባልምና።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን ገና ነው። ሰው ከፀጉር አስተካካይ ወጥቶ «ፀጉሬን ተቈረጥሁ» ይላል። ይህንን በእንግሊዝኛ «አይ ከት ማይ ሄር» ቢለው፣ ሰሚው ብዙ ጊዜ የሚረዳው መቀሱን በገዛ እጁ እንደ ያዘ ነው። ትክክለኛው «አይ ሃድ ማይ ሄር ከት» ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ሙሉ ልብስ ያሰፋ ሰውም «አይ ሃድ ኤ ሱት ሜድ» ይላል፤ «አይ ሜድ ኤ ሱት» ካለ ራሱ ልብስ ሰፊ ነው። የኛ ቋንቋ «ሰፋሁ» እና «አሰፋሁ»፣ «ጠረግሁ» እና «አስጠረግሁ» ብሎ በግሡ ራስ ላይ አንዲት ፊደል ወይም ሁለት ጨምሮ ይገላገላል። እንግሊዙ «ሃድ» የሚለውን ቃል ከፊት አድርጎ፣ ስሙን መካከል አስገብቶ፣ ግሡን ወደ መጨረሻ ያባርረዋል። እዚህ ላይ የስሙ ቦታ ሁሉን ይወስናል። «ሂ ሃድ ዘ ሃውስ ፔንትድ» ማለት ቤቱን በሌላ ሰው አስቀባ ማለት ነው፤ «ሂ ሃድ ፔንትድ ዘ ሃውስ» ማለት ግን ቀደም ሲል ራሱ ቀብቶት ነበር ማለት ነው። ቃላቱ እነዚያው ናቸው፤ የተዛወረው ቤቱ ብቻ ነው።

ቤት ካነሣን ዘንድ፣ አንድ ግሥ የሰውን ጕዳይ እንዴት እንደሚያጣምም የሚያሳይ ምሳሌ እዚሁ ሠፈራችን አለ። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው የአራዳ ገበያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. በቆየው በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ተዛወረ። ሠፈሩ ከዚያ ወዲህ ፒያሳ ተባለ። በ2016 ዓ. ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። እንግዲህ ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ያደገ ተማሪ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርስቲ ሲያመለክት፣ አድራሻው ለምን እንደ ተለወጠ፣ አንዳንድ ወረቀቱም ለምን እንደ ጐደለ በእንግሊዝኛ እንዲያስረዳ ተጠየቀ እንበል። አማርኛው «ቤታችን ፈረሰ» ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ «አወር ሃውስ ኮላፕስድ» ብሎ ቢጽፍ፣ እዚያ የሚያነበው ሰው ዝናም የበላው ግድግዳ በራሱ የተናደ ይመስለዋል፤ ምናልባትም የተጐዳ ሰው እንዳለ ይጠይቀዋል። «አወር ሃውስ ዎዝ ዲሞሊሽድ» ቢል፣ ሰው አስቦ ያፈረሰው መሆኑ ይገባል፤ ያፈረሰው ማን እንደ ሆነ ግን አይነገርም። «ዘይ ዲሞሊሽድ አወር ሃውስ» ቢልም «ዘይ እነማን ናቸው?» የሚያሰኝ ነው፤ ባለቤቱን በስሙ መጥራት ይሻላል።

የአማርኛው «ፈረሰ» ሁለቱንም በሆዱ ይዞ ዝም ይላል፤ በራሱም ይፍረስ፣ ሰውም ያፍርሰው አይጨነቅም። እንግሊዝኛ ግን ከሁለት አንዱን እንድንመርጥ ያስገድደናል፤ በምርጫችንም የኃላፊነቱ ነገር አብሮ ይጻፋል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ «ተበላሸ»፣ «ጠፋ»፣ «ፈረሰ» የሚሉ ቃላት በመጡበት ጊዜ ብዕሩን አስቀምጦ «በማን?» ብሎ ቢጠይቅ አይጐዳም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚማረው ተማሪም የታሪክና የሳይንስ መልሱን ሲጽፍ ያው ጥያቄ ያገኘዋል።

«ሰዓቴን ተሰረቅሁ» የሚለውም ብዙ ሰው አሳስቷል። «አይ ዎዝ ስቶለን» ካሉ የተሰረቀው ሰዓቱ መሆኑ ቀርቶ ሰውዬው ራሱ ሆነ፤ ፖሊስም እንዲህ ቆሞ የሚያመለክት የተሰረቀ ሰው አይቶ አያውቅም። እንግሊዝኛው ሰዓቱን በባለቤትነት ያስቀድማል፤ «ማይ ዎች ዎዝ ስቶለን»።

እስኪ አንባቢዎቻችን ለሚመጣው ሳምንት እነዚህን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፤ «ስልኬን አሠራሁ»፣ «መስኮቱ ተሰበረ»፣ «ታክሲው አመለጠኝ»። በሁለተኛው ከአንድ በላይ መልስ ይቻላል፤ ሁለቱንም ጽፋችሁ ልዩነታቸውን አስረዱ። በሦስተኛው ባለቤቱና ተሳቢው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ግሡንም ሩቅ ሳትሄዱ ዘወትር «ሚስድ ኮል» ከምንለው ውስጥ ታገኙታላችሁ።