ከሥሩ በፊት ዘሩ ይመርመር

በኢትዮጵያ የወንድ መካንነትን በባህል መድኃኒት ለማከም የሚደረገው ጥረት፣ በአዋቂዎች ቤትም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ፣ ከተክሉ ይጀምራል እንጂ ከታማሚው አይጀምርም፤ ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት አብረው ኖረው ፅንስ ሳይፈጠር ሲቀር፣ ምክንያቱ ከወንዱ መሆን አለመሆኑን ለመለየት የዘር ፈሳሽ ምርመራ ግድ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ የተሰጠው ናሙና በ1 ሰዓት ውስጥ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የዘሩ ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርፅ ይመዘገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ የብዛቱን ዝቅተኛ ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን አድርጎታል።

ዓይኑ ላልታየ ሰው ጠብታ ማዘዝ ነውር እንደሚሆን ሁሉ፣ ዘሩ ላልተመረመረ ወንድ ሥር ቀጥቅጦ መስጠትም ነውር ሊሆን ይገባ ነበር። ልጅ በዘገየ ቁጥር ግን ጠበል ለጠበል የምትንከራተተው፣ መራራውን የምትጠጣው፣ ሲብስም ትዳሯ የሚፈርሰው ሴቷ ናት፤ ልጅ ካጡ ጥንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ ችግሩ በከፊልም ቢሆን ከወንዱ መሆኑ እየታወቀ ይህ መቀጠሉ ግፍ ነው። ወንዱ ወደ አዋቂ ቢሄድ እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለስንፈተ ወሲብ የሚባለው መድኃኒት ነው። ስንፈተ ወሲብ የብልት አለመቆም ሲሆን መካንነት ከዚህ የተለየ ነው፤ ግንኙነቱ አንዳች ጉድለት የሌለበት ሰው፣ ቀድሞ በያዘው ጨብጥ ጠባሳ የዘር ቱቦው ተዘግቶ፣ በፈሳሹ ውስጥ አንድም ዘር ላይገኝ ይችላል። የተዘጋ ቱቦ ደግሞ በቅጠል አይከፈትም።

ይህን የምርመራ ክፍተት መሙላት የነበረባቸው ተመራማሪዎች በአብዛኛው ሌላ መንገድ ይዘዋል። አዋቂው በውኃ አፍልቶ ወይም በማር ለውሶ የሚሰጠውን ተክል አጥኚው አድርቆ ይፈጭና በሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ሟሚ ነው) ለ3 ቀን ይዘፈዝፈዋል፤ ሜታኖል ከተክሉ የሚያወጣው ንጥረ ነገር ውኃ ከሚያወጣው ስለሚለይ፣ የተፈተነው ነገር በመንደሩ ከሚጠጣው ጋር አንድ አይደለም። ጭማቂው የሚሰጠውም ዘራቸው ሆን ተብሎ በኬሚካል ለተጎዳ አይጦች ነው። የአይጥ ዘር ከመነሻው ተመርቶ እስኪያልቅ 52 ቀን ገደማ፣ የሰው ደግሞ 74 ቀን ገደማ የሚወስድ ሆኖ ሳለ፣ በ28 ቀን ከሚያልቅ ሙከራ ተነሥቶ «ውጤቱ የባህሉን አጠቃቀም ያረጋግጣል» ብሎ መደምደም ሳይንስም አይደለም፣ ለአዋቂዎቹም ክብር አይሆንም።

የተሻለው አርአያ ሩቅ አይደለም፤ ከትግራይ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያዩ፣ ያዩትን በላቦራቶሪ ፈተኑ፤ ከዚያም በከተማው ወንዞች ላይ ለ5 ዓመት በተካሄደው ሥራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው የቢልሃርዚያ ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። መለኪያው ሰው ነበር። ይኸው እንዶድ ግን የወንድ ዘርን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በላቦራቶሪ ታይቷል፤ ከጥጥ ፍሬ የሚገኘው ጎሲፖልም በቻይና በሺህ በሚቆጠሩ ወንዶች ላይ በወሊድ መከላከያነት ተሞክሮ፣ የደም ፖታስየምን ስለሚያወርድና የአንዳንዶቹም ዘር ስላልተመለሰ ተትቷል። ስለዚህ «ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም» የሚለው አባባል፣ በተለይ ዘርን በሚመለከት፣ አደገኛ ነው።

ተስፋ የለም ማለት ግን አይደለም። በትግርኛ አጎል የሚባለው ጊዜዋ እኛ ዘንድ በአብዛኛው ለቡዳ የሚታጠን ነው፤ በህንድ ግን የሥሩ ጭማቂ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት የዘር ቁጥራቸው አነስተኛ በሆነ 46 ወንዶች ላይ ተፈትኖ፣ በቀን 675 ሚሊ ግራም ለ90 ቀን የወሰዱት ዘራቸው ጨምሯል። በኢራንም እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት 68 ወንዶች የተሳተፉ ሲሆን፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በቀን 5 ሚሊ ሊትር ለ2 ወር የወሰዱት ተሻሽለዋል። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ዋና መለኪያቸውም የዘር ሁኔታ እንጂ የተወለደ ልጅ አይደለም። ሆኖም ሰው መርምረው ጀምረዋል፣ የሚወዳደር ቡድን አስቀምጠዋል፣ መልሰውም ቆጥረዋል። ጥቁር አዝሙድ በየገበያው የሚሸጥባት፣ ጊዜዋም በየመንገዱ ዳር የሚበቅልባት አገር ከሌላ የአይጥ ጥናት በፊት ይህን በራሷ ወንዶች ላይ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃ፣ በአዋቂው አዘገጃጀት ልትፈትነው ይገባል፤ የመጨረሻው መዝገብም ስንት ሕፃን እንደተወለደ የሚቆጥር መሆን አለበት።