ድንኳኑን የት እንትከል?

አንድ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ፣ ድንኳን በቢስክሌት ጭኖ፣ ሜዳ ለማደር ከከተማ ወጣ ቢባል ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ «ምነው፣ ቤት አጣ እንዴ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ይኸው ጥያቄ እኛንም ደርሶናል። የጠየቁንም ሰዎች ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም። በአገራችን ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው ወይ የመሸበት መንገደኛ ነው፣ ወይ ከብት ጠባቂ ነው፣ ወይም ከአንድ ነገር የሚሸሽ ነው። ወድዶና ፈቅዶ፣ ያውም ሕፃን ይዞ ከቤቱ ውጭ የሚያድር ሰው ግን ነገሩ የጤና አይመስልም። ዛሬ በዚህ ገጽ ልናስረዳ ያሰብነው ነገሩ የጤና መሆኑን ነው።

መቼም ከድንኳን ሥር ማደር ከውጭ አገር የመጣብን ፈሊጥ ነው የሚል ቢኖር ጥር 10 ቀን ወጣ ብሎ ይመልከት። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ድንኳን ይተከላል፤ ሕዝቡም ብርዱን ሳይፈራ፣ ሕፃናቱን በጋቢ ጠቅልሎ በዚያው ያድራል። እናቶቻችን ያን ሌሊት ሲያድሩ ቤት አጥተው አይደለም። ቢስክሌቱም ቢሆን ትናንት የመጣ አይደለም። አገራችን በኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከሯጮቹ ሌላ እነ ገረመው ደንቦባ በቢስክሌት ተወዳድረዋል። በባሕር ዳር ደግሞ ቢስክሌት ለሠራተኛውም ለተማሪውም እግሩ ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ ድንኳኑም ቢስክሌቱም በእጃችን ያለ ነገር ነው፤ ያልለመድነው ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግን ብቻ ነው።

እኛ የሞከርነው በጥር ወር 2015 ዓ.ም.፣ ገና በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ላይ ሳለን፣ ከታላቅ እኅታችን፣ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ነበር። ወንዱ ልጅ 9 ዓመቱ ሲሆን የራሱ ትንሽ ቢስክሌት ነበረው። ሴቷ 5 ዓመቷ ስለ ነበር ከአባቷ ኋላ ተቀመጠች። ጥርን የመረጥነው በምክንያት ነው። ክረምቱ መንገዱን ያጨቀያል፤ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ እህሉ ገና ከማሳው ላይ ነውና ድንኳን መትከያ ባዶ መሬት አይገኝም። በጥር አዝመራው ተሰብስቦ መሬቱ ገለባ ብቻ ይሆናል።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው መንገድ ከ30 ኪሎ ሜትር ያንሳል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ዳገቱ ቀስ እያለ የሚመጣ እንጂ ልብ የሚያፈርስ አይደለም። (ከቡሬ ወደ እንጅባራ የሚወጣው ግን ሌላ ነው፤ እሱን ለልጅ አንመክርም።) አውቶቡስ ይህን መንገድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። እኛ ሁለት ቀን ፈጀንበት፤ አላፈርንበትምም። ልጅ ባለበት ጉዞ ፍጥነቱን የሚወስነው የትንሹ እግር ነው።

ስንቃችን ድርቆሽ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ነበር። ከዚህ ሌላ ድንኳን፣ ጋቢ፣ ውሃ በጄሪካን፣ የጎማ መንፊያና ማስቲሽ ያዝን። የልጅቱ እግር ከጎማው ሽቦ ውስጥ እንዳይገባ ሁለቱን ጎን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈንነው። ይህን ያስተማሩን አንድ የፍኖተ ሰላም ጎሚስታ ናቸው፤ ይህን ሳያደርግ ሕፃን ከኋላው የሚያስቀምጥ ወላጅ ቢኖር ከዛሬ ጀምሮ እንዲያደርግ እንለምናለን።

ከከተማው እንደ ወጣን አንድ ስሕተት ሠራን። ልጁ ወደ ኋላ ሲቀር ዝም አልነው። ከኋላው የመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ከጆሮው ሥር ቢነፋበት ልጁ ደንግጦ ከነቢስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ተላጠ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። ሾፌሩን ስንረግም ቆየን፤ በኋላ ግን ጥፋቱ የኛም መሆኑን አመንን። ልጅ ከመካከል ይሄዳል፤ ከኋላውም ምንጊዜም አንድ ትልቅ ሰው ይኖራል። ሾፌሮችም ቢሆኑ ሕፃን ሲያዩ ጥሩምባቸውን ከሩቅ ቢነፉና ቀስ ቢሉ ከመንገዳቸው የሚዘገዩት ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይደለም።

ማንኩሳ ስንደርስ ለልጁ ይህች የበዛብህ አገር ናት አልነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ የተወለደው እዚህ ነው ብለን ታሪኩን ባጭሩ ነገርነው። ልጁም «እንግዲያው ቤቱን እንየው» አለ። ልብ ወለድ መሆኑን ብንነግረው አኮረፈ። መምህሮቻችን ለአራት ዓመት ስለ ሥነ ጽሑፍ ካስተማሩን ይልቅ ያ ኩርፊያ ብዙ አስተምሮናል። እኅታችንን በቢስክሌት ያዩ ሴቶች ደግሞ ከበቧት። አንዷ «የኔ ልጅ፣ አትወድቂም?» አሏት፤ ሌላዋ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «ዋጋው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁለተኛዋን አልረሳናቸውም።

ከማንኩሳ አልፈን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በየደጁ ቀይ በርበሬ የተሰጣባትን አንዲት መንደር አልፈን፣ ከባሕር ዛፍ ሥር ድንኳናችንን መትከል ጀመርን። መንደሩ ደኅና አድርጎ ይርቃል። ሰው ላለማስቸገር አስበን ነበር። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«የማን ልጆች ናችሁ?»

እኅታችን የአባቷን፣ የአያቷን ስም ጠራች። ሦስተኛው ስም ላይ ስትደርስ የሚያውቁት ሰው ተገኘ።

«ታዲያ ምን አድርጌአችሁ ነው ሕፃን ይዛችሁ ሜዳ የምታድሩት?»

«አባባ፣ እንዳናስቸግርዎ ብለን ነው። ድንኳን አለን።»

«እኔ ከዚያ ማዶ በር ዘግቼ ተኝቼ፣ እነዚህ ልጆች ከጅብ ጋር ሲያድሩ፣ አገር ምን ይለኛል? ተነሡ!»

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናንሣ። ኖርዌይ በ1949 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ማንም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ድንኳን ተክሎ እንዲያድር ትፈቅዳለች፤ ነገር ግን ከሰው ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ አለበት። እዚያ ጨዋነት ማለት ከባለቤቱ መራቅ ነው። በኛ አገር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የራቀ ሰው ይጠረጠራል፤ ቀርቦ ደጅ የጠየቀ የእግዜር እንግዳ ይሆናል። በዳኑብ ወንዝ ዳር ከነልጆቻቸው በቢስክሌት የሚጓዙት የኦስትሪያና የጀርመን ቤተሰቦች የተሠራ መንገድና የተከለለ ማደሪያ አላቸው፤ እኛ ያ የለንም። ያለን አመሻሽ ላይ የሚከፈት ደጅ ነው። ስለዚህ በጎጃም ገጠር ከልጆቹ ጋር ውጭ ማደር የሚፈልግ ሰው ከድንኳኑ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ስሙን፣ ሰላምታውንና አጠያየቁን ነው። በቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የመሬቱን ባለቤት ይጠይቅ፤ ሕፃናቱን ይዞ ይቅረብ እንጂ አይደብቅ።

ከሽማግሌው ጋር በክርክር ተስማማን። ድንኳኑ ከአጥራቸው ውስጥ፣ ከጎተራው አጠገብ ተተከለ። እራት ከቤታቸው በላን፤ ይዘነው የመጣነው ድርቆሽ መሳቂያ ሆነ። ሌሊቱን ግን ከድንኳኑ ያደርነው እኛ አልነበርንም። የእኅታችን ሁለት ልጆችና የሽማግሌው አራት የልጅ ልጆች ድንኳኑን ወርሰው ሲያወሩ አደሩ፤ እኛ ከቤት መደብ ላይ ተኛን። ጠዋት የመንደሩ ልጆች ተራ በተራ በትንሿ ቢስክሌት ሲዞሩ፣ የእኅታችን ልጅ ደግሞ ላም ሊያልብ ሞክሮ ጣቱን አሳመመ። ወደ ቡሬ የተነሣነው ፀሐይ ከከረረች በኋላ ነው። የቡሬን ዳገት ያ ልጅ ሳይወርድ ወጣው፤ ስንመለስ ቢስክሌቶቹን ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጫንናቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልል ጦርነት ገባበት። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም መካከል በደረሰው ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። የከተማይቱ ስም የሰላም መንገድ ማለት መሆኑን ለአንባቢ ማሳሰብ አያሻንም። ከዚያ በኋላ እኛም በዚያ መንገድ ልጅ ይዘን አልወጣንም፤ ማንም ይውጣ ብለንም አንመክርም። የሽርሽር ነገር በዚህ ጊዜ ቀልድ ነው የሚሉን አሉ። እኛ ግን አይመስለንም። ጦርነት የሚያጠፋውን ሰው ሲቆጥር የሚውል ብዙ ነው፤ አመሻሽ ላይ «የማን ልጆች ናችሁ?» ብሎ ጠይቆ ደጁን የሚከፍት ሰው ግን በማንም መዝገብ ላይ አይገኝም። ያ ሽማግሌ ዛሬ ከባሕር ዛፍ ሥር የማያውቁትን ሰው ቢያዩ ይቀርባሉ ወይስ በራቸውን ይቀረቅራሉ? ቢቀረቅሩስ ማን ይፈርድባቸዋል?

እስከዚያው ልጆቹ ቢስክሌቱን እንዳይረሱ ማድረግ ይቻላል። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የቢስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል፤ በባሕር ዳርም ሜዳው ይበቃል። ድንኳኑን ደግሞ ጓሮ ላይ ተክሎ ማለማመድ ነው።

የእኅታችን ድንኳን ከቁም ሣጥን ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ያኔ ከአባቷ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ዛሬ እግሯ ከፔዳሉ ይደርሳል። ወንድሟ ትንሿ ቢስክሌት ስላጠረችው ለእሷ አወረሳትና ባለፈው እሑድ በግቢው ውስጥ ስትዞር ዋለች። ከዚያም መጥታ አባባ ከጎተራው አጠገብ ያለውን ቦታ ለሌላ ሰው ሰጥተውት እንደ ሆነ ጠየቀችን። አልሰጡትም አልናት። የፊተኛው ጎማ አየር ይቀንሳል፤ ጎሚስታው ዘንድ ልናስጠግነው ለሰኞ ቀጥረናል።