ደግነት ያለ ዕውቀት አይበቃም



በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በኬንቾ ሻቻ ናዳ ወርዶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤቶቻቸው ሊያወጧቸው በመቆፈር ላይ ሳሉ ሁለተኛ ናዳ ወርዶ እነርሱንም ዋጣቸው፤ የሞቱትም ከ200 በላይ ሆኑ። የሕዝባችን ደግነት አልጎደለም፤ ነገር ግን በአደጋ ጊዜ ደግነትን የሚመራ ዕውቀት ያሻል።

አገራችን ከወሎ ረኀብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን አቋቋመች። ዛሬም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ሥጋት አመራርን በዲግሪ ያስተምራል። በአሜሪካ ደግሞ ይኸው ትምህርት ከአገር ደኅንነት ጥበቃ ጋር ተጣምሮ በኢንተርኔት ይሰጣል።

እንዲህ ያለው ትምህርት ለእኛ ለዴራ ልጆች እጅግ ይበጃል እላለሁ። ወረዳችን ዶዶታ ዝናብ የሚያጥርበት ቆላ ነውና ድርቅን ቀድሞ የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል። ለትምህርት ርቆ የሄደ ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀራል፤ በቤቱ ሆኖ የሚማር ግን ዕውቀቱ ከቀበሌው አይለይም።

«ጎርፍንና ናዳን በመስኮት እያዩ መማር ይቻላልን?» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ተማሪው የቀበሌውን የአደጋ ቦታዎች በካርታ ሳያሳይ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታንም በእጁ ሳይለማመድ ዲግሪ ሊሰጠው አይገባም።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ሐኪምና መሐንዲስ እንዲሆኑ መመኘታችሁ መልካም ነው። ሐኪም የቆሰለውን ያድናል፤ ይህ ሙያ ግን ሰው እንዳይቆስል አስቀድሞ ይተጋል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና ሳይፈስ የሚጠብቁትን እናስተምር።