የሞተር ቺንጋ እደጅ መቀየር ይከልከል ወይ?



ባለፈው ስብሰባ «በሰፈራችን መንገድ ላይ መኪና መፍታት ፈጽሞ ይከልከል» የሚል ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ ፈሷል፤ አንድ ባለሚኒባስ ጎረቤታችንም ቺንጋውን እደጁ ቀይሮ ሞተሩ ተበላሽቶበታል። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ይኸኛው ግን የማኅበሩ ውሳኔ ሳይሆን የራሴ አስተያየት ነው። መከልከሉን አልደግፍም።

ይህ ታይሚንግ ቤልት የሚባለው ባለጥርስ ጎማ በሃያስ የናፍታ ሞተር ላይ ከታች ክራንኩን፣ ከላይ ካም ሻፍቱንና የናፍታ ፖምፓውን አያይዞ በልክ የሚያዞር ነው። ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ከዚያ ወዲያ ቴስታታ ማውረድ ነው። ቪትዝ ያላችሁ አትጨነቁ፤ የእናንተ ሰንሰለት ነው።

እኔ ራሴ ሹፌር ሳለሁ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ የቺንጋው መብራት ዳሽቦርድ ላይ በራ። ይህ መብራት በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀይሩ የሚል ነው። ሞተሩ ደህና ይሠራል፣ ገንዘብም የለም ብዬ ሦስት ወር ነዳሁበት። አንድ ቀን ጠዋት ሰው እንደ ሞላሁ ዳገት ላይ ቀጥ አለ። ሲፈታ ቫልቮቹ ተጣመዋል። የዚያን ዓመት ልጆቼ ትምህርት ቤት የገቡት በብድር ነው።

ስለዚህ እደጁ ተንበርክኮ ቺንጋ የሚቀይረውን ሰው መውቀስ አይሆንልኝም። እንደኔ ዝም ብሎ ከሚነዳው እሱ ይሻላል። ብንከለክለው ጋራዥ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ፤ የእጅ ዋጋ ከየት ያመጣል? መብራቱን እያየ ይነዳል እንጂ።

ታዲያ ጎረቤታችን ምን አጠፋ? ጠዋት ሥራ ለመግባት ብሎ ሌሊት፣ ብቻውን፣ በእጅ ባትሪ ሠራ። ምልክቱ መግጠሙን ሳያይ ሞተሪኖ መታ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ጥፋቱ ጥድፊያው እንጂ ቦታው አይደለም።

በእጁ የሚሠራ ሰው ይህን ይያዝ፦

1ኛ/ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የባትሪው ገመድ ይነሳ።

2ኛ/ አሮጌው ከመውጣቱ በፊት የክራንኩ፣ የካሙና የፖምፓው ምልክቶች በየቦታቸው ይግጠሙ።

3ኛ/ የሚወጥረው ኩሽኔታ አብሮ ይቀየር። ዘይት የሚያንጠባጥብ ካለ በዚያው ይሠራ፤ ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም። አዲሱንም አትጠፉት፣ አትጠምዝዙት።

4ኛ/ ሞተሪኖ ከመነካቱ በፊት ክራንኩ በቁልፍ፣ በእጅ፣ ቀስ ተብሎ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። ክራንክ ሁለቴ ሲዞር ካም አንዴ ነው፤ ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠም አለባቸው። ናፍታ ሞተር በእጅ ሲዞር መክበዱ ያለ ነው። እንደ ድንጋይ ቀጥ ካለ ግን አታስገድዱት፤ ፈታችሁ እንደገና እዩት። ቺንጋውን መልሶ መፍታት ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው፤ ቫልቭ ከተጣመመ ግን የወር ገቢ ይሄዳል።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይኸ ነው። ሥራው በቀን ይሁን። መተላለፊያ አይዘጋ፤ አምቡላንስም ሬሳም የሚያልፈው በዚያው ነው። ዘይቱ በጀሪካን ይጠራቀም፤ ቦይ ውስጥ ያፈሰሰ ራሱ ይጥረግ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ከሁሉም በላይ፣ ሙያው ያላቸው ጎረቤቶቻችን ያቺን ሁለት ዙር መጥተው ቢያዩለት ምን ይጎድልባቸዋል? ባለመኪናውም ቡና ያፍላ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ይህን አስቡበት። የምንከለክለው መኪናውን ብቻ አይደለም፤ በመኪናው የሚበላውን ቤተሰብ ጭምር ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ